ተሰፍሮ ያልተሰጠን

ለ2026 ለአብዛኞቹ የአሜሪካ ፌዴራል ሲቪል ሠራተኞች የተፈቀደው የደመወዝ ጭማሪ 1 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት ለጤና መድን ከኪሳችን የምናዋጣው ድርሻ በአማካይ 12.3 በመቶ ጨምሯል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሁለቱን ቁጥሮች አከታትሎ የነገረኝ የቧንቧ ክፍሉ ባልደረባዬ ነው። መርከብ ከውሃ ውጭ ሆኖ የሚጠገንበት ድራይ ዶክ ጫፍ ላይ ቆመን ነበር፤ እሱ ቡናውን ይዟል፣ እኔ ጓንቴን አወልቃለሁ። ከነገረኝ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ምን ይባላል? በ2025ም 2 በመቶ ሲጨመርልን የመድን መዋጮው 13.5 በመቶ ነበር የጨመረው። ያኔም እዚያው ቆመን ዝም ብለናል።

በያጅ ነኝ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የራሱ የሆኑ አራት የመርከብ መጠገኛዎች አሉት፤ እኛ "ያርድ" እንላቸዋለን። ኖርፎክ የሚባለው ቨርጂኒያ ውስጥ ፖርትስመዝ ከተማ ነው ያለው፤ ፖርትስመዝ የሚባለው ደግሞ ሜን ውስጥ ኪተሪ ላይ ነው፤ ስማቸው ሁልጊዜ ሰው ያምታታል። ሦስተኛው ከሲያትል በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው ብሬመርተን ያለው ፒዩጀት ሳውንድ ነው፤ አራተኛው ሃዋይ የሚገኘው ፐርል ሃርበር። ኖርፎክ የተመሠረተው በ1767 ስለሆነ ከአገሪቱ ነጻነት ይቀድማል። አራቱ አንድ ላይ ከ30,000 በላይ ሰው ያሠራሉ። እኔ በአንዱ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አዲስ መርከብ አንሠራም፤ እሱ ለግል ኩባንያዎች ተሰጥቷል። የእኛ ዋና ሥራ በኑክሌር ኃይል የሚሄዱትን ሰርጓጅ መርከቦችና አውሮፕላን ተሸካሚዎች ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ መግጠም ነው።

ብየዳ ሲባል አገር ቤት ሰው የሚታየው በርና መስኮት የሚሠራበት የሰፈር ወርክሾፕ ነው። እኔም የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ክብሩን አላጎድልም። እዚህ ግን ሥራው ሌላ ነው። ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍበት ታንክ ውስጥ ገብቼ፣ አየር በቱቦ እየተነፋልኝ፣ አንድ ክንዴን ከቧንቧ ጀርባ አዙሬ እበይዳለሁ። ዓይኔ የማይደርስበትን መስመር ትንሽ መስታወት አስደግፌ፣ በመስታወቱ ውስጥ ቀኙ ግራ ሆኖ እያየሁ የበየድኩባቸው ቀኖች አሉ። የበየድኩት ራጅ ይነሣል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ከተገኘች ተፍቆ እንደገና ይሠራል። እንዲህም መሆን አለበት፤ ያ መርከብ ከመቶ ሰው በላይ ይዞ ከባሕር በታች ወራት ይቀመጣል። የምማረረው በጥብቅነቱ አይደለም። ጥብቅነቱ እጄ ላይ ሲደርስ እንዲያ ሆኖ፣ ደመወዜ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚላላ ነው የማይገባኝ።

እናቴ ለጎረቤቶቿ "ልጄ ለመንግሥት ነው የሚሠራው፣ ያውም ለአሜሪካ መንግሥት" ትላለች። አባቴ ዕድሜ ልኩን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። "እርከን" የሚለውን ቃል በልጅነቴ የተማርኩት ከእሱ ነው። "ዘንድሮ እርከን ተይዟል" ካለ በዚያ ዓመት ለበዓል ልብስ እንደማይገዛ እናውቅ ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ዜግነት ወስጄ፣ ምስጢር የመጠበቅ ምርመራውን ሁሉ አልፌ ያርዱ ስገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያገኘሁት ያንኑ የአባቴን ቃል ነው። እዚህ "ስቴፕ" ይሉታል።

ነገሩ አመጣጡ ጥሩ ነበር። በ1861 እና በ1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እየነደደ፣ ኮንግረስ ስለ ባሕር ኃይል ያርዶች ሕግ አወጣ። የያርዱ ሠራተኛ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ፣ የሕዝብ ጥቅም እስከፈቀደ ድረስ፣ በዚያው አቅራቢያ ካሉ የግል ድርጅቶች ጋር ይስተካከል የሚል ነው። ቀላልና ቀና ሐሳብ ነው። መንግሥት ከጎረቤቱ በላይ ከፍሎ ገበያውን አያበላሽም፤ ከጎረቤቱ በታች ከፍሎም ሠራተኛውን አይበድልም። በ1972 ይኸው ሐሳብ በእጁ ለሚሠራ የፌዴራል ሠራተኛ ሁሉ ወጥ ሥርዓት ሆኖ በሕግ ጸደቀ። የፌዴራል የደመወዝ ሥርዓት የሚባለው እሱ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ቅሬታዬ ያለው እሱ ውስጥ ነው። አገሪቱ በደመወዝ ቀጠናዎች ትከፈላለች። በየቀጠናው በየሁለት ዓመቱ ሙሉ ጥናት ይካሄዳል፤ በመካከል ባለው ዓመት ደግሞ ማስተካከያ ይሰበሰባል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከአሠሪው ወገን፣ አንዱ ከሠራተኛው ማኅበር። የግል ድርጅቶችን በር እያንኳኩ ለበያጅ፣ ለኤሌክትሪሺያን፣ ለመጋዘን ሠራተኛ ስንት እንደሚከፍሉ ይጠይቃሉ። መልሱ ተሰብስቦ፣ ተመዝኖ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የአካባቢው ዋጋ ይወጣል። ደረጃዎቹ 15 ናቸው። ሙያውን የጨረሰ በያጅ፣ ብረት ገጣጣሚ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን አብዛኛውን ጊዜ 10ኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

እስከዚህ ድረስ እንከን አላወጣለትም። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዕድሜያችንን የበላው። ከ1979 የበጀት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በሚጸድቀው የበጀት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ትገባለች፤ በእጁ የሚሠራው የፌዴራል ሠራተኛ ጭማሪ በቢሮ ለሚሠራው ከተሰጠው አማካይ ጭማሪ እንዳይበልጥ የምትል። ጥናቱ ስለዚህ ይካሄዳል፤ ጥንዶቹ ይሄዳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይደምራሉ። የጎረቤት በያጅ ደመወዝ ብዙ ከፍ ብሎ ከተገኘም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለእኛ የሚሰጠን ጣሪያው የፈቀደው ብቻ ነው። የቀረው በሚቀጥለው ዓመት አይካካስም፤ በላዩ ላይ የሚቀጥለው ዓመት ጉድለት ይደረብበታል።

እናቴ እህል ስትሸምት ነጋዴው ቁናውን እስኪከምር ድረስ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። በመዳፉ ጠርጎ ከምሩን ሊመልስ ሲል እጁን ትይዘዋለች። የእኛ ቁና በየሁለት ዓመቱ ፊታችን ይሰፈራል፣ እስኪከመርም ይሞላል፤ ከዚያ እዚያው ፊታችን በመዳፍ ይጠረጋል፤ እጅ የሚይዝ ግን የለንም። ባያውቁ ኖሮ እንነግራቸው ነበር። ግን ያውቃሉ፤ ራሳቸው ናቸው የሰፈሩት።

እውነቱን ለመናገር ወለልም አለው። ጥናቱ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢያሳይም ቢያንስ ከቢሮ ሠራተኛው ጋር እኩል እንዲጨመርልን የምታደርግ ሌላ አንቀጽ አለች፤ ሥራ በጠፋባቸው ዓመታት ጠቅማናለች። ይህን አልክድም። ነገር ግን ጣሪያውና ወለሉ አንድ ላይ ሲነበቡ ጥናቱ ከፍ አለ ዝቅ አለ ለእኛ ለውጥ የለውም ማለት ነው። ታዲያ የ1862ቱ ቃል የት ሄደ? ከጥናት ቡድኑ ጋር የወጣ የማኅበር ጓደኛ አለኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገብቶ፣ ከእኛ ሄደው እዚያ የተቀጠሩ ሁለት ልጆች አግኝቶ፣ የሰዓታቸውን ክፍያ በገዛ እጁ ቅጹ ላይ ሞልቶ ተመለሰ። ለብዙ ቀን አኩርፎ ነበር። "ያስተማርኳቸውን ልጆች ደመወዝ ጽፌ ለመንግሥት አስረከብኩ፤ እኔ ግን አላገኘውም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለጥናቱ ስም ስጥ ሲሉት አልሰጠም።

ከ2011 እስከ 2013 ሦስት ዓመት ሙሉ አጠቃላይ ጭማሪ አልነበረም፤ ደመወዝ ታሰረ። በ2022 ሰኔ ላይ የኑሮ ውድነቱ በዓመት 9.1 በመቶ ሲደርስ የዚያ ዓመት የፌዴራል ጭማሪ 2.7 በመቶ ነበር። የኋላ ኋላ 4.6፣ ቀጥሎም 5.2 በመቶ መጣ፤ አመስግነን ተቀበልን። የቤት ኪራዩ ግን እኛን አልጠበቀም ነበር።

ወደ እርከኑ ልመለስ። አምስት እርከን አለን። ሁለተኛው እርከን በጥናቱ ከተገኘው ዋጋ ጋር እኩል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንደኛው 96 በመቶው፣ ሦስተኛው 104፣ አራተኛው 108፣ አምስተኛው 112 በመቶ። ለምሳሌ ያህል ሁለተኛው እርከን በሰዓት 35 ዶላር ቢሆን፣ ጀማሪው 33 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያገኛል፤ ጣሪያው 39 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው 26 ሳምንት፣ ቀጥሎ 78፣ ከዚያ 104፣ ከዚያ 104። ሲደመር ልክ ስድስት ዓመት ይሆናል። ከስድስት ዓመት በኋላ የለም። ሠላሳ ዓመት የበየደውና ሰባት ዓመት የበየደው አንድ ደመወዝ ያገኛሉ። የቢሮ ሠራተኞች አሥር እርከን አላቸው፤ የመጨረሻው ላይ ለመድረስ 18 ዓመት ይፈጃል። እነሱ በዝግታም ቢሆን ወደ ላይ እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ከእኛ መካከል ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ እጁ ግን ወርቅ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ እርከኑ ከተዘጋ ዘመን አልፏል። ማንም በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ላይ ችግር ሲፈጠር የሚጠራው እሱ ነው። ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ወገቡን ይዞ ይወጣል። የደመወዝ ወረቀቱ ከእኔ ጋር አንድ ነው። እኔን ያሳፍረኛል።

አለቃ ይሁን ትሉ ይሆናል። አለቆች የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፤ የሚከፈለው ሰው ለማዘዝ ነው። እሱ ሰው ማዘዝ አይፈልግም፤ መበየድ ነው የሚያውቀው፣ መበየድ ነው የሚወደው። ጥሩ በያጅ ደመወዝ ፍለጋ ክፉ አለቃ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ታንኩ ሰው ያጣል፣ ሠራተኛው በማይችል ሰው ይታዘዛል።

የአደጋና የቆሻሻ ሥራ አበል የሚባለው ደግሞ ብቻውን እሮሮ ነው። ከተለመደው በላይ ለሚያቆሽሽ ሥራ 4 በመቶ፣ ለአስቤስቶስ 8 በመቶ፣ ለከፍታ ሥራ 25 በመቶ ይታሰባል። የሚሰላው በሠራተኛው በራሱ ደመወዝ ሳይሆን ለሁሉም በ10ኛው ደረጃ ሁለተኛ እርከን ላይ ነው። ቅድም ባልኩት ምሳሌ የቆሻሻው 4 በመቶ በሰዓት 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። በ1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ጥቁር ቅባት እስከ ብብት ይገባል። ግን ይሁን፣ ይታጠባል። የማይታጠበው አስቤስቶሱ ነው። የድሮ መርከብ ውስጥ ቧንቧው፣ ቦይለሩ፣ ግድግዳው በእሱ ነበር የሚሸፈነው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታው የሚታየው ከሃያ፣ ከሠላሳ፣ አንዳንዴም ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በመርከብ ሥራ ላይ የነበሩ ስንት አባቶች በዚህ እንዳለቁ የአገሩ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ያውቃል። ዛሬ ጥበቃው ብዙ ተሻሽሏል፤ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም። አበሉ ግን የሚከፈለው አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ከተወሰነው ልክ ማለፉ ሲረጋገጥ ነው። አንድ ጊዜ ከቆየ ክፍል የድሮ መሸፈኛ ስናወጣ ዋልን፤ መለኪያው የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ በማራገቢያ ከተጠረገ በኋላ ነበር። "ልኩን አላለፈም" ተባለ። እንዳላለፈ ወረቀት ተሰጠን። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ልጄን ከማቀፌ በፊት ልብሴን ጋራዥ ውስጥ አውልቄ ታጠብኩ። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ስለ ጡረታው አጭር ልበል፤ ባነሣሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከ2013 በፊት የተቀጠረ ከየ100 ዶላሩ 80 ሳንቲም ያዋጣል። በ2013 የገባ 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም። ከ2014 ወዲህ የገባ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም። የሦስቱም ጡረታ የሚሰላው በአንድ ቀመር ነው። አንድ ታንክ ውስጥ ሦስት ሰው ጎን ለጎን እንበይዳለን፣ ለአንድ ጡረታ ሦስት ዓይነት እንቆርጣለን። ወጣቶቹ ናቸው ብዙውን የሚከፍሉት፤ እርከናቸው ዝቅተኛ የሆነው፣ ሕፃን ልጅ ያላቸው፣ ኪራይ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

እነሱም አይቆዩም። ተለማማጅ አራት ዓመት ይማራል፤ የተወሰነውን ክፍል ውስጥ ሒሳብና ንድፍ ማንበብ፣ የቀረውን ከእንደኔ ዓይነቱ ጋር መርከብ ላይ። አራት ዓመት አስተምረን እጁ ሲያምር የግል ኩባንያ ይወስደዋል። ብሬመርተን ያለበት የዋሽንግተን ስቴት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2016 ከነበረበት 9 ዶላር ከ47 ሳንቲም በ2026 ወደ 17 ዶላር ከ13 ሳንቲም አድጓል። ሕዝቡ በድምፁ ያመጣው ነው፣ ደስ ይለኛል፤ ሃምበርገር የሚጠብስ ልጅም ኪራይ አለበት። በእነዚያው አሥር ዓመታት ውስጥ የፌዴራሉ አማካይ ጭማሪ ተደራርቦ ሲሰላ 30 በመቶ አይሞላም። ረዳት ሆኖ የሚገባ ልጅ ሁለቱን ያነጻጽራል። አንደኛው ቦታ ጣሪያ አለው፣ ማሞቂያ አለው፤ ሌላው ሌሊት ተነስቶ፣ በር ላይ ተፈትሾ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚገባበት ነው። ልዩነቱ ከጠበበ ለምን ይመጣል?

ሥራው ግን አይጠብቅም። የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት ከ2015 እስከ 2019 በአራቱ ያርዶች የተካሄዱ 51 የሰርጓጅና የአውሮፕላን ተሸካሚ ጥገናዎችን መርምሮ ነበር፤ 38ቱ በጊዜያቸው አላለቁም። ካስቀመጣቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የሠራተኛ ማነስ ነው። እኛ ሪፖርቱን ማንበብ አላስፈለገንም። ሰው ሲጎድል የተረፈው ሰው የሥራ ቀን ይረዝማል፤ ቅዳሜ ይጨመራል፣ እሑድ ይጨመራል፣ ፈረቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የትርፍ ሰዓቱ ብር ጥሩ ነው፤ የብዙዎቻችን ቤት የቆመው በእሱ ነው። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። መደበኛው ደመወዝ ስለማያደርስ ትርፍ ሰዓቱን እንፈልገዋለን፤ ትርፍ ሰዓቱን ስለምንሠራ ደግሞ መደበኛው እንደሚበቃን ይቆጠራል። ገናን ቤተ ክርስቲያን ካደርኩ ስንት ዓመቴ ነው? ለልጄ ልደት ኬኩ ተቆርጦ የእኔ ድርሻ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሆኗል። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ ተናግራኝ አታውቅም። ብትናገረኝ በተሻለኝ።

ስለ ካርታውም ቅሬታ ነበረን። መሐንዲሱና በያጁ በአንድ በር እየገቡ፣ የመሐንዲሱ ደመወዝ በአንድ ካርታ፣ የበያጁ በሌላ ካርታ ሲሰላ ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። በ2025 ሁለቱን የሚያቀራርብ ደንብ ወጥቶ ተግባር ላይ ውሏል፤ በአንዳንድ ቀጠናዎች ላሉ ጓዶቼ እፎይታ ነው። ጣሪያዋን አንቀጽ ግን አልነካትም።

በ2025 መስከረም ላይ ከእህቴ ጋር በስልክ ስናወራ ጭማሪ ማግኘቷን ነገረችኝ። አገር ቤት በዲግሪ ለሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500፣ የዝቅተኛው ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። "ዘይቱ ቀድሞት ሄዷል ወንድምዬ" አለችኝ። እኔ ስለ 1 በመቶው ልነግራት አፌን ከፍቼ መለስኩት፤ በእኔ አንድ ቀን ደመወዝ የእሷ ወር ይሸፈናል፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እንደ እኔ ያሉት ሁሉ በዚህ ይታፈናሉ። እዚህ ስናማርር "አንተማ ለመንግሥት ነው የምትሠራው፣ ጡረታ አለህ" ይሉናል፤ አገር ቤት ብናማርር ነውር ይሆናል። ስለዚህ ድራይ ዶኩ ጫፍ ላይ እርስ በርሳችን እንማረራለን፤ የቬትናም ልጅ፣ የፊሊፒንስ ልጅ፣ አያቱም አባቱም እዚያው ያርድ የሠሩ ነጭ አሜሪካዊ፣ እኔ። ቋንቋችን ይለያያል፤ የደመወዝ ሠንጠረዡን ግን አራታችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተለማማጅ ሰጡኝ። ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ አማርኛው ተሰባብሯል፣ "ጋሼ" ማለቱን ግን አልረሳም። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ ሠንጠረዡን አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ከአምስተኛው ቀጥሎ ያለው የታል? ገጹ ተቆርጦብኝ ነው?"

"አልተቆረጠም" አልኩት። "እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።"

ጣቱን ወደ ጎን እየገፋ ደግሞ ፈለገ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ከታንኩ አፍ ቀድሞኝ ደርሶ፣ የአየር ቱቦውን ያዘልኝ።